«በደሙ ነው» ለምትሉን

በግቢያችን ስለ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ከየአፉ ትወጣለች። ስለ ጊታሪስቱ ስለ ጃንጎ ራይንሃርት ሲወራም ያችው ናት የምትመጣው፤ «ሰውየው እኮ አልተማረም፣ በደሙ ነው!» የሚያደንቁትም ይሏታል፣ የሚያናንቁትም ይሏታል። አድናቂው «ጂፕሲ ስለሆነ ሙዚቃው አብሮት ተወለደ» ይላል። አናናቂው ደግሞ «ኖታ የማያነብ ሰው ምኑን ሙዚቀኛ ሆነ፣ እንደ ወፍ ዝም ብሎ ይንጫጫል እንጂ» ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላቸዋል። እኛ ግን አንድ ነገር ነው የምትናገሩት እንላለን። ሁለታችሁም የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ከታሪክ ገጽ ላይ ትፍቃላችሁ። ከዚህም አልፎ፣ ይህች የዋህ የምትመስል ዓረፍተ ነገር ያለፈ ታሪኳ ንጹሕ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የተነሣነው ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ጃንጎ ጃንዋሪ 23 ቀን 1910 ሊበርሺ በምትባል የቤልጂግ መንደር፣ ከመንገድ ለመንገድ ከሚዞር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሙዚቀኛ፣ እናቱ ዳንሰኛ ነበሩ። ቤተሰቡ ማኑሽ ነው፤ ማኑሾች በፈረንሳይና በአካባቢዋ የሚኖሩ የሮማኒ ሕዝብ ወገን ናቸው። «ጂፕሲ» የሚለው ሌላው ሰው ያወጣላቸው ስም ሲሆን «ማኑሽ» ግን በራሳቸው ቋንቋ «ሰው» ማለት ነው። ይህን ትርጉም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ዙሮ ዙሮ ቤተሰቡ በፓሪስ ዳርቻ «ዞን» ይባል በነበረው ስፍራ ሰፈረ። ዞን ማለት ከከተማዋ የድሮ ምሽግ ውጭ ያለ፣ በሕግ ቤት እንዳይሠራበት የተከለከለ መሬት ነበር። ጨርቅ ለቃሚው፣ ሥራ ያጣው፣ ማደሪያ የሌለው ሁሉ ጎጆውን የሚቀልስበት፣ ማኑሾችም ተጎታች ቤቶቻቸውን የሚያቆሙበት ቦታ። ሕፃኑ ጃንጎ ያደገው እዚያ ነው። የቀለም ትምህርት ቤት አላሳደገውም፤ ፊደል መቁጠር የጀመረውም ካደገ በኋላ ነው። እስከዚህ ድረስ ከተቃዋሚዎቻችን ጋር አንጣላም።

ታዲያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምንም አልተማረም ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው መለያየታችን!

12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ባንጆ ጊታር እጁ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በሠፈሩ ዙሪያ የሚጫወቱ ዕውቅ መቺዎች ነበሩ፤ ጉስቲ ማላና ፑሌት ካስትሮ ይጠቀሳሉ። ልጁ ከነዚህ ሰዎች ጣት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ያየውን ይዞ ይሄዳል፤ ይሞክራል፤ ይሳሳታል፤ ተመልሶ ያያል። እንደገና ይሞክራል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የፓሪስ ሠራተኛ በሚጨፍርባቸው የሙዜት ዳንስ ቤቶች ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች ጋር ለእንጀራው ይሠራ ጀመር። የሙዜት ቫልስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አኮርዲዮኑ ቁልቁልና ሽቅብ ሲጋልብ አጃቢው አንዲት ምት ቢስት ዳንሰኛው ሁሉ ይሰናከላል። አዳራሹ ጫጫታ ነው፤ ማጉያ የለም። ስለዚህ የቀኝ እጁ አመታት ጠንካራ፣ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይደክም መሆን ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ዓለም ያደነቀው የጃንጎ ድምፅ የተገራው በዚህ ሥራ ነው። በ1928 የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ሲያስቀርጽ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ስሙን እንኳ አጣምመው ነው ያተሙለት።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን ተሸክሞ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ በጆሮው እየሰማ በቃሉ እየመለሰ ዓመታት ያሳልፋል። አብዛኛው ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። የዚያን ተማሪ ዕውቀት «በደሙ ነው» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። «ተማረ፣ አስመሰከረ» ነው የሚባለው። ምነው ታዲያ የማኑሹ ልጅ ከጉስቲ ማላ ጣት ሥር ሲቀመጥ ትምህርት መሆኑ ይቀራል? የኔታ ስላልተባለ ነው? ወይስ የተማረው ከተናቀ ሰው፣ በተናቀ ሠፈር ስለሆነ? መልሱን ለሕሊናችሁ እንተዋለን።

ዋናው ምስክራችን ግን ከዚህ ይቀጥላል። በዚያው በ1928 መገባደጃ፣ ጃክ ሂልተን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ ሊቀጥረው በጠየቀው ሰሞን፣ ጃንጎ ከምሽት ሥራው ወደ ተጎታች ቤቱ ገባ። ሚስቱ ለገበያ የምታዘጋጃቸው የሴሉሎይድ አበቦች ቤቱን ሞልተውታል። ሴሉሎይድ ማለት እሳት ካገኘው እንደ ባሩድ የሚነድ ነገር ነው። የሻማ እሳት ነካው፤ ቤቱ በቅጽበት ጋየ። ባልና ሚስቱ ሕይወታቸው ተረፈ፤ ነገር ግን የጃንጎ ቀኝ እግርና ግራ እጅ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ አሉ፣ እንቢ አለ። እግሩ ዳነ። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን እንደ መንጠቆ ታጥፈው ቀሩ። ለጊታር መቺ ደግሞ ግራ እጅ ማለት ድምፁን የሚመርጠው እጅ ነው። ሥራው አለቀ፣ አከተመ፣ ተባለ።

ወንድሙ ጆዜፍ አንድ ጊታር አመጣለት። ለ18 ወር ያህል በቆየው የማገገሚያ ጊዜ ውስጥ ያ ወጣት የሚያውቀውን ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ሥራው ምን እንደነበር በትክክል እንናገር፤ «ተአምር ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነውና። አራት ጣት ያለው ጊታሪስት እጁን በአንድ ስፍራ አቁሞ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ዜማውን ከአውታር ወደ አውታር ያሻግራል። ሁለት ጣት የቀሩት ሰው እንዲህ ቢሞክር አይደርስም። ስለዚህ ጃንጎ መንገዱን ቀየረ። በአመልካችና በመሐል ጣቱ ብቻ፣ እጁን በሙሉ እያንቀሳቀሰ፣ በጊታሩ አንገት ላይ ሽቅብና ቁልቁል መሮጥን ተለማመደ። ኮርዶቹንም እንደ ገና ፈለጋቸው። በጥቂት ድምፅ ሙሉ የሚመስሉ፣ አውራ ጣት በላይ በኩል ዞሮ ወፍራሙን አውታር የሚይዝባቸው፣ የታጠፉትም ጣቶች በቀጫጭኖቹ አውታሮች ላይ እየተደገፉ እንደ አቅማቸው የሚያግዙባቸው አያያዞች አበጀ።

እንግዲህ «በደሙ ነው» የምትሉን ሆይ፣ ንገሩን! ደም ያስተማረው እጅ ቢኖር ኖሮ ያ እጅ በ1928 ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ ዓለም የሰማው እጅ ማንም ከማንም ያልወረሰው፣ ባለቤቱ በሕመም አልጋ ላይ ቀን ከሌት የሠራው እጅ ነው። በየትኛው የማኑሽ የዘር ሐረግ ውስጥ ነው በሁለት ጣት ጊታር የሚመታ አያት የነበረው?

«እሺ፣ ግን በዚያ ሠፈር ስንቱ ልጅ አደገ፤ ሁሉም ጃንጎ ሆነ እንዴ? ስለዚህ ተሰጥኦ አለ» የሚለን ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው፤ እኛም ተሰጥኦ የለም አላልንም። ነገር ግን ይህ ክርክር እኛን ሳይሆን እናንተን ነው የሚመታው። ጊታሩን ያመጣለት ጆዜፍ የአንድ እናት ልጅ ነው። አንድ ተጎታች ቤት፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ደም። ጆዜፍም ጊታር ይመታ ነበር፤ ዕድሜውን የኖረው ግን ምት ጠባቂ አጃቢ ሆኖ ነው። ነገሩ በደም ቢሆን ኖሮ ሁለት ጃንጎዎች በኖሩን ነበር። ተሰጥኦ ካለም የአንድ ሰው ነው እንጂ የዘር አይደለም። የዘር ካልሆነ ደግሞ «ጂፕሲ ስለሆነ» የምትለዋ ሐረግ ባዶ ቃል ናት።

ሁለተኛውን ትምህርት ቤቱን ደግሞ እንመልከት። በ1931 ቱሎን በምትባለው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ፣ ኤሚል ሳቪትሪ የተባለ ሠዓሊ ጃንጎን ቤቱ ወስዶ የአሜሪካ ሸክላዎችን አሰማው። ሉዊ አርምስትሮንግ፣ ዱክ ኤሊንግተን፣ የቫዮሊኑ ጆ ቬኑቲና የጊታሩ ኤዲ ላንግ ነበሩ። ጃንጎ እነዚህን ሸክላዎች ከሰማ በኋላ የቀድሞው ሰው አልሆነም። ልብ በሉ እንግዲህ! ጃዝ የጥቁር አሜሪካውያን ፍሬ ነው፤ ከባርነትና ከግፍ ውስጥ የወጣ። ማኑሾች በደማቸው ውስጥ አልነበረም፣ ሊሆንም አይችልም። ጃንጎ አርምስትሮንግን በግራማፎን መርፌ በኩል፣ በጆሮው፣ ደጋግሞ ተማረው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1934 ከቫዮሊኑ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ ክዊንቴት ተመሠረተ። ከበሮ የለ፣ ጥሩምባ የለ፤ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ ባስ። በነዚህ አውታሮች ብቻ አውሮፓ ለጃዝ የራሷን ድምፅ አበረከተች። አጠገቡ ቆሞ እኩል ይፋለም የነበረው ግራፔሊ ደግሞ ማኑሽ አልነበረም። አባቱ ጣሊያን፣ ትውልዱ ፓሪስ፣ መንገድ ላይ እየተጫወተ ያደገ፣ በኮንሰርቫቷርም ኖታ የተማረ ሰው ነው።

አሁን ወደ አናናቂው እንመለስ። «ኖታ አያነብም ነበር» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ አንክድም። ኖታ አለማወቁም ዋጋ አስከፍሎታል፤ ይህንንም አንደብቅም። በጦርነቱ ዓመታት ለወገኖቹ ለሮማኒዎች የሚሆን የቅዳሴ ሙዚቃ ሊደርስ ተነሥቶ ነበር። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ድምፅ ዤራር ሌቬክ ለተባለው ክላርኔት ተጫዋች እየነገረ ያስጽፈው ነበር። ሥራው ሳያልቅ ቀረ። ፊደሉ በእጁ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። ስለዚህ «ኖታ አያስፈልግም፣ ጃንጎ ያለሱ ኖሯል» እያለ ከክፍል የሚቀር ጓደኛችን ካለ እኛን ምስክር አድርጎ እንዳይጠራ። ኖታ ማስታወሻ ነው፤ የጻፉት አይጠፋም። ነገር ግን ማስታወሻ ሌላ፣ ዕውቀት ሌላ! ማስታወሻ የሌለውን ሰው «ዕውቀት የለውም» ማለት የቆጥ የባስ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ፊደሉን የነፈገው ያው ኅብረተሰብ ተመልሶ «ለምን ፊደል አልቆጠርክም» ብሎ ሲሳለቅበት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሙዚቃ ወሬ የሚያልፈው። ፈረንሳይ በ1912 ስለ ዘላኖች አንድ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት «ዘላን» የተባለ ሰው ከ13 ዓመቱ ጀምሮ የጣት አሻራው፣ ፎቶግራፉና የአካል ልኩ የሰፈረበት መታወቂያ ደብተር ይይዛል። በየደረሰበት መንደርም ማኅተም ያስመታል። የጭንቅላቱ ስፋትና የእግሩ ርዝመት ይለካል፤ ልክ እንደ ወንጀለኛ። ምክንያቱ ምን ነበር? «ሌብነቱ በደማቸው ነው» የሚል እምነት። ይህ ደብተር የቀረው በ1969 ነው።

በጀርመን ደግሞ ናዚዎች በ1936 በሮበርት ሪተር የሚመራ የዘር ምርምር ቢሮ አቋቁመው የሮማኒዎችንና የሲንቲዎችን የትውልድ ሐረግ ያስቆጥሩ ጀመር። ምርምሩ የት እንዳደረሰ ዓለም ያውቃል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የሮማኒና የሲንቲ ሰዎች ተገደሉ። በኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት ብቻ አውሽቪትዝ ቢርኬናው ውስጥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከ4,000 በላይ ሰዎች በጋዝ አለቁ። በፈረንሳይም በ1940 በወጣው ድንጋጌ ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ ዘላን ቤተሰቦች ሞንትረይ ቤሌን በመሰሉ ካምፖች ታጎሩ። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1946 ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በፕሬዚዳንቱ አንደበት ኃላፊነቱን ያመነው ገና በ2016 ነው።

በነዚያ ዓመታት ጃንጎ በተያዘችው ፓሪስ ውስጥ ስመ ጥር ነበር። በ1940 ያስቀረጸው «ኑአዥ»፣ ማለትም «ደመናዎች»፣ በየቤቱ ይዘመር ነበር። በየአዳራሹ «ይህ ሙዚቃ በደማቸው ነው!» እያለ የሚያጨበጭብ ሲኖር፣ በዚያው ሰዓት በሌላ ቢሮ «ይህ ወንጀል በደማቸው ነው» እያለ ስም የሚመዘግብ ነበር። ጃንጎ በ1943 ወደ ስዊስ ሊሸሽ ሞክሮ ተመለሰ። ጭብጨባው ድንበር አላሻገረውም።

አንዳንዱ «እኛ እኮ ለማመስገን ነው፣ ምን አገናኘን?» ይለን ይሆናል። የሚያገናኛችሁ አስተሳሰቡ ነው። አንድን ሰው በሠራው ሥራ ሳይሆን በተወለደበት ዘር መመዘን ከተፈቀደ፣ ዛሬ በምስጋና የተመዘነው ነገ በወቀሳ ይመዘናል። ሚዛኑ ያው ነው፤ የሚቀየረው የመዛኙ ስሜት ብቻ ነው። «ማኑሽ» ማለት «ሰው» ማለት ነው ብለን ነበር። ሰው ደግሞ ይማራል። ሰው ሲማር ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። የመማሩን ታሪክ ስትነፍጉት ሰውነቱን ነው የነፈጋችሁት።

መማሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልቆመም። በ1946 ዱክ ኤሊንግተን አሜሪካ ድረስ ጠርቶት በካርኔጊ አዳራሽ አብረው ታዩ። (ያው ኤሊንግተን ነው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘው።) በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ቢቦፕ የተባለው አዲስ የጃዝ ስልት ተነሥቶ ነበር፤ ፈጣን፣ ውስብስብ፣ የድሮዎቹን ግራ ያጋባ። ብዙዎቹ አንጋፎች «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጫጫታ ነው» ብለው ናቁት። ጃንጎ ግን አርባን የተሻገረ፣ ስሙ የተከበረ ሰው ሆኖ ሳለ እንደገና ተማሪ ሆነ። የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ የፓሪስ ወጣቶች ጋር አዲሱን ቋንቋ ተለማመደ። በአፕሪል 1953 የመጨረሻውን ቅጂ ሲሠራ ፒያኖው ላይ የነበረው ማርሻል ሶላል 25 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሜይ 16 ቀን 1953፣ በሚኖርባት በሳሟ ሱር ሴን አካባቢ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር።

ከሱ በኋላስ? ትምህርቱ ቀጠለ። በማኑሽና በሲንቲ ቤተሰቦች ዘንድ ልጁ ዘሎ ዜማ መምታት አይጀምርም። መጀመሪያ «ፖምፕ» የሚሉትን የአጃቢ ምት ይማራል። የቀኝ እጁ እንደ ሰዓት እስኪስተካከል፣ ኮርዶቹ ሳያስብባቸው እስኪመጡ ትልልቆቹን ያጅባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዜማ የሚፈቀድለት። ሥርዓት ያለው ትምህርት እንግዲህ ከዚህ በላይ ምንድነው? በ1966 አልዛስ ውስጥ የተወለደው ቢሬሊ ላግሬን በ1980 አልበሙ ሲወጣ ገና ልጅ ነበር፤ ሰው ሁሉ «የደም ነገር!» አለ። ጊታር በእጁ ከያዘ ግን ስምንት ዓመት ያህል አልፎት ነበር። ስምንት ዓመት የተማረን ማን ነው «ያልተማረ» የሚለው?

የጃንጎን ትምህርት የወረሰ ደግሞ ማኑሽ ብቻ አይደለም። በ1965 በበርሚንግሃም የብረት ፋብሪካ ውስጥ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ጊታር መምታት በቃኝ ብሎ ሳለ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎን ሸክላ አመጣለት፤ ይህ ሰው በሁለት ጣት ነው የሚጫወተው፣ አለው። ወጣቱ ቶኒ አዮሚ ነበር፤ ብላክ ሳባት የተባለውን የሮክ ባንድ ከመሠረቱት አንዱ። ጃንጎና አዮሚ በምን ደም ይገናኛሉ? የተገናኙት በምሳሌነትና በልምምድ ነው።

እንግዲህ አቋማችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ከጆሮ ወደ ጣት የሚተላለፍ ትምህርት ትምህርት ነው። መምህር አለው፣ ደረጃ አለው፣ ፈተና አለው፤ የሌለው ዲፕሎማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ኖታም ፊደልም የሁሉም ሊሆን ይገባል፤ የተነፈገው ሰው መሳቂያ፣ የታደለው ደግሞ ዳኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሦስተኛ፣ «በደሙ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ለምስጋናም ሆነ ለስድብ ከአፋችን ትውጣ።

ይህን ስንል ስለ ሩቅ አገር ሰው ብቻ እያወራን አይደለም። ማሲንቆ የያዘ ሰው ባየን ቁጥር «ዘራቸው ነው» የምንል ስንት ነን? ልጁ ከአባቱ ጎን ቆሞ ስንት ሌሊት እንዳሳለፈ፣ ስንት ጊዜ እንደ ታረመ የጠየቀ አለ? እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን እንላለን። እንግዲያው ሥራችን አንዲት ጥያቄ ይዞ መሄድ ነው፦ «ማን አስተማረህ?» መልሱን የሚሰጠን ሰው ሁልጊዜ ስም አለው፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ አንድ የሠፈር መቺ። ያን ስም ጽፈን እናምጣ። በሚቀጥለው ዕትም ለነዚያ ስሞች ገጽ ይከፈት ዘንድ አዘጋጆቹን ከወዲሁ እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ «በደሙ ነው» የሚል ሁሉ ክርክሩን በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልሳችን ዝግጁ ነው።